ቤት ማሞቅም አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐባዎቻቸው ላይ ይሁን።



ዛሬ የማነሣላችሁ ርዕስ በሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ አይሰማም። በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ስላለችው ትንሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታት ስለምንላት ነው። እኔ በሙያዬ ኢንጂነር እንጂ ዓሊም አይደለሁም፤ ፈትዋ ለመስጠትም አልተነሣሁም። ነገር ግን ብርዱ ሲገባ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ በወገኖቻችን ቤት ስገባና ስወጣ የማየው ነገር ዝም የሚያሰኝ አልሆነልኝም። በአማርኛ የጻፍኩትም ከአባትና ከእናታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እንድታነቡት ብዬ ነው።

ሁለት ዓይነት ቤት

የመጀመሪያው ቤት ብርዳም ነው። አባት ሌሊቱን ሲነዳ ወይም የመኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ አድሮ ይገባል። ቢሉን ያያል፤ አገር ቤት የሚላከውን ያሰላል፤ ከዚያ ቴርሞስታቱን ያጠፋና «ጋቢ ልበሱ» ይላል። እናት በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ፣ ጉልበቷን እያሻሸች ሰላቷን ትሰግዳለች። አያት ከአልጋ መውረድ ይፈራሉ።

ሁለተኛው ቤት ሞቃት ነው፤ ከልክ በላይ ሞቃት። ልጆቹ በቲሸርትና በቁምጣ ይቀመጣሉ፤ ቴርሞስታቱ 78 ላይ ነው፤ ሙቀቱ ሲበዛ ደግሞ መስኮት ይከፈታል። ቢሉን ማን እንደሚከፍል የሚጠይቅ የለም።

ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለት ቤቶች አንድ ቤት ናቸው። አባት ቤት ሲሆን ብርዳም፣ አባት ሲወጣ ሞቃት። አባት ያወርዳል፣ ልጅ ይጨምራል፣ እናት በመካከል ትቆማለች። በዚህም ጥል ይመጣል።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ፉርቃን 67ኛው አንቀጽ የአር-ረሕማንን ባሮች ሲገልጽ፣ በወጪያቸው የማያባክኑም የማይቆጥቡም፣ በሁለቱ መካከል ቀጥ ብለው የሚሄዱ መሆናቸውን ይነግረናል። በሱረቱል ኢስራእ 29ኛው አንቀጽም እጅን አንገት ላይ ማሰርንም፣ ጨርሶ መዘርጋትንም ይከለክላል። ልብ በሉ፤ የተወገዘው ማባከን ብቻ አይደለም። ቤተሰብን እስኪጎዱ መሰሰትም አብሮ ተወግዟል። ስለዚህ በቤታችሁ ውስጥ ጥያቄው «አባት ያሸንፍ ወይስ ልጅ?» አይደለም። ጥያቄው ያ መካከለኛ ቦታ የት ነው የሚለው ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ ዕውቀት ያስፈልጋል።

ሙቀት ኒዕማ ነው

በሱረቱን ነሕል መጀመሪያ ላይ አላህ ለሰው ልጅ የዋለለትን ሲቆጥር፣ ከእንስሳት የምናገኘውን ሙቀት ከምግቡ በፊት ይጠቅሳል። በዚያው ሱራ 80ኛው አንቀጽ ላይ ቤቶቻችንን የመርጊያ ስፍራ እንዳደረገልን ያስታውሰናል። ቤት ሰው የሚረጋበት ነው። የሚንቀጠቀጥ ሰው አልረጋም።

ብርድን ዝም ብሎ መቻል በራሱ ዒባዳ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የዐምር ኢብኑል ዓስን (ረ.ዐ) ታሪክ ያስታውስ። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ ላይ፣ እጅግ በቀዘቀዘ ሌሊት ትጥበት ግዴታ ሆነባቸው። ቢታጠቡ እንደሚሞቱ ፈሩ፤ ተየሙም አድርገው ባልደረቦቻቸውን ሱብሒ አሰገዱ። ነገሩ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲነገር ዐምርን ጠየቋቸው። እሳቸውም ራስን መግደልን የሚከለክለውን የቁርኣን ቃል አስረጅ አድርገው አቀረቡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሳቁ፤ ምንም አልተናገሯቸውም። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ዲናችን ነፍስን ለብርድ አሳልፎ የሚሰጥ ዲን አይደለም።

በተለይ የሽማግሌዎችን ነገር አደራ። የእኛ የወጣቶቹ ሰውነት ሙቀቱን ወደ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጠብቆ ይይዛል፤ ሲበርደው ያንቀጠቅጠናል፣ ደሙን ወደ ውስጥ ይሰበስባል። ዕድሜ ሲገፋ ይህ አሠራር ይደክማል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም እንደሚያስጠነቅቀው፣ ከ60 እስከ 65 ፋራናይት ባለ ቤት ውስጥ እንኳ አረጋዊ ሰው ሙቀቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ቤታቸው ከ68 በታች እንዳይወርድ ይመከራል። በኦክላንድና በሳን ሆዜ በረዶ ስለማይጥል ብርዱን እንንቀዋለን። ግን የጥር ሌሊት ወደ 40ዎቹ ፋራናይት ይወርዳል፤ ግድግዳቸው ስስ የሆነ አሮጌ አፓርትመንቶችም ብርዱን አያስቀሩም። አያትህ «ምንም አልሆንኩም» ቢሉህ አትመን። እነሱ ስለራሳቸው ማማረር አልለመዱም።

መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ቴርሞስታት ሥራዋ አንድ ነው። የክፍሉን ሙቀት ትለካለች፤ ካዘዛችኋት በታች ሲሆን ማሞቂያውን ታስነሣለች፤ ሲደርስ ታጠፋለች። ሚዛን ጠባቂ ናት። ከዚህ ተነሥተን ሦስት የተለመዱ ስሕተቶችን እንይ።

አንደኛው፣ «በጣም ስለበረደ 85 ላይ ላድርገው፣ ቶሎ እንዲሞቅ» የሚለው ነው። በአብዛኞቻችን ቤት ያለው ማሞቂያ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። 68 ብትሉትም 85 ብትሉትም ሙቀቱን የሚሰጠው በእኩል ፍጥነት ነው። ልዩነቱ 85 ካላችሁት 68 ላይ ሳይቆም መንደዱ ነው።

ሁለተኛው፣ «ካወረድኩት መልሶ ለማሞቅ የበለጠ ይፈጃል» የሚለው ነው። ይህም ለጋዝ ማሞቂያ ልክ አይደለም። ቤት ሙቀት የሚያጣው በውስጡና በውጪው መካከል ባለው ልዩነት መጠን ነው። ቤቱ ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር የሚያመልጠው ሙቀት ያንሳል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ በቀን ለ8 ሰዓት ያህል ከ7 እስከ 10 ዲግሪ ፋራናይት ማውረድ በዓመት ከማሞቂያና ማቀዝቀዣ ወጪ እስከ 10 በመቶ ሊቆጥብ ይችላል። ቤታችሁ ሂት ፓምፕ ካለው ግን ተጠንቀቁ። ብዙ አውርዳችሁ በአንዴ ስትጨምሩ፣ ውስጡ ያለው ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊነሣና ያጠራቀማችሁትን ሊበላው ይችላል። እሱን በ2 ወይም በ3 ዲግሪ ብቻ አውርዱት።

ሦስተኛው የቦታ ነገር ነው። ቴርሞስታት የምታውቀው የተሰቀለችበትን ቦታ ብቻ ነው። እንጀራ ከሚጋገርበት፣ ቡና ከሚፈላበት ጎን ከሆነች «ቤቱ ሞቋል» ብላ ታጠፋለች፤ የአያት ክፍል ግን ቀዝቃዛ ነው። ያን ጊዜ የክፍሎቹን በር ከፍቶ ሙቀቱን ማዘዋወር ይጠቅማል። ሌላም አለ። የእኛ ቤቶች መጅሊስ በግድግዳው ዙሪያ ይነጠፋል፤ የሞቀ አየር መውጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ወለሉ ላይ ነው። ፍራሹን አንሡና እዩ። መውጫው ተከድኖ ከሆነ የምትከፍሉት ፍራሽ ለማሞቅ ነው። የማሞቂያውን ማጣሪያ መቀየርና በበር ሥር የሚገባውን ነፋስ በተጠቀለለ ጨርቅ መዝጋትም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በግድግዳው ሥር የተዘረጋ ወይም ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ቴርሞስታቱ 240 ቮልት ይዞ ነው የሚሠራው። ዩቲዩብ አይታችሁ ራሳችሁ አትቀይሩት። ባለሙያ ጥሩ።

በሰላት ሰዓት የተቃኘ ቤት

አላህ ሰላትን በተወሰነ ጊዜ ደነገገልን። በዚህ ምክንያት የሙስሊም ቤት ቀኑ ሥርዓት አለው። ለቴርሞስታት ፕሮግራም ደግሞ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። በታኅሣሥ ወር በዚህ አካባቢ ሱብሒ ከጠዋቱ 6:00 ገደማ ይገባል፣ መግሪብ ደግሞ ከምሽቱ 5:00 ገደማ ነው። ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምናገረው።

ቀን ሰው የማይኖርበት ቤት ከሆነ፣ ከሱብሒ ግማሽ ሰዓት በፊት 5:30 ላይ 68 እንዲሆን አዘጋጁት። ሁሉም ሲወጣ 60 ይሁን። ማታ የመጀመሪያው ሰው ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ወደ 68 ይመለስ። ከዒሻ በኋላ ስትተኙ 62 ይበቃል፤ ብርድ ልብስ አለ፣ ጋቢ አለ። ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል አረጋዊ፣ ሕፃን ወይም ታማሚ ካለ ግን ቀንም ሌሊትም 68ን አትንኩት። ቁጠባው ከሌላ ቦታ ይምጣ።

የሞቀ ቤት ለሱብሒ መነሣትን እንዴት እንደሚያቀል የምታውቁት ናችሁ። ብርድ ላይ ዉዱእን አሟልቶ ማድረግ ኃጢአትን ከሚያብሱ ሥራዎች አንዱ መሆኑ በሙስሊም ዘገባ መጥቷል። ይህ ግን ችግርን ፈልጎ መሄድ ማለት አይደለም፤ ብርዱ ሲያገኘን ዉዱኡን አናጉድል ማለት ነው። ሙቅ ውሃ ካለ መጠቀም ኒዕማን መጠቀም ነው። ቧንቧውን ከፍቶ «እስኪሞቅ» እያሉ ስልክ መነካካት ግን ኢስራፍ ነው፤ ውሃውም ጋዙም ይባክናል። የውሃ ማሞቂያውን 120 ፋራናይት ላይ ማድረግ ለአብዛኛው ቤት በቂ ነው፤ ሕፃናትንም ከመቃጠል ይጠብቃል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል?

በብዙ ቤቶች ቢሉን የሚያንረው ትልቁ ማሞቂያ ሳይሆን ያቺ ከሱቅ የተገዛች ትንሽ የኤሌክትሪክ ሂተር ናት። አብዛኛዎቹ 1500 ዋት ናቸው፤ በሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ይበላሉ። ኪሎዋት ሰዓቱን በ40 ሳንቲም ብናሰላው፣ በሰዓት 60 ሳንቲም፣ በቀን ለ8 ሰዓት ብትነድ 4 ዶላር ከ80፣ በወር 144 ዶላር ይሆናል። በየመኝታ ክፍሉ አንድ አንድ ካለ እናንተው አባዙት። አንድ ሰው ባለበት አንድ ክፍል ለአጭር ጊዜ ብትነድ ትጠቅማለች። ቤት ሙሉ ለማሞቅ ግን እጅግ ውድ መንገድ ናት።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። በብዙዎቹ የፒ ጂ ኤንድ ኢ የኤሌክትሪክ ታሪፎች ከቀኑ 4:00 እስከ ማታ 9:00 ዋጋው ከፍ ይላል። ማሞቂያችሁ በኤሌክትሪክ ከሆነ ከ4:00 በፊት ቤቱን አሙቁት፤ ግድግዳውና ዕቃው የያዘው ሙቀት ለመግሪብ ያደርሳችኋል። የጋዝ ዋጋ በሰዓት ስለማይለዋወጥ ለጋዝ ማሞቂያ ይህ አያስፈልግም።

ደግሞ ብዙ ወላጆቻችን የማያውቁት መብት አለ። ኬር የሚባለው ፕሮግራም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰቦች ከኤሌክትሪክ ከ30 እስከ 35 በመቶ፣ ከጋዝ 20 በመቶ ይቀንሳል። ገቢያቸው ከዚያ በጥቂቱ ለሚበልጥ ፌራ የሚባለው ከኤሌክትሪክ 18 በመቶ ይቀንሳል። የበርና የመስኮት ክፍተት መዝጋትን የመሰለ የቤት ማሻሻያ ለተከራይም ጭምር በነጻ የሚሠራ ፕሮግራም አለ። ቢል መክፈል ላቃተው ደግሞ ላይሂፕ የተባለው የፌዴራል ድጋፍ አለ። በአላሜዳ ካውንቲ በስፔክትረም ኮሚዩኒቲ ሰርቪስስ፣ በሳን ሆዜ በሴክሬድ ሃርት ኮሚዩኒቲ ሰርቪስ በኩል ይጠየቃል። 211 ብትደውሉም ይመሯችኋል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አባትህ «ምጽዋት አልለምንም» ሊልህ ይችላል። ይህ ልመና እንዳልሆነ፣ ሕጉ ለእሱ ገቢ ያስቀመጠው ዋጋ መሆኑን በአክብሮት አስረዳው። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው። የኬር ፎርም ላይ የቤቱን ሰው ቁጥርና ገቢ የምትሞሉት ራሳችሁ ናችሁ፤ በዚያው ሰዓት ማስረጃ የሚጠይቃችሁ ላይኖር ይችላል። አላህ ግን ያያል። በእውነት ገብቶ የሚያገኙት ቅናሽ ሐላል ነው፤ በውሸት ቁጥር የተገኘ 30 በመቶ በረካ የለውም። ቅናሹን የሚሸፍኑት ሌሎች ደንበኞች ናቸው፤ የሰው ሐቅ ነው።

እሳት ጠላት ሲሆን

በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው፣ በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ ተቃጠለ። ወሬው ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ፣ እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። ከ1400 ዓመት በፊት የተሰጠ ትእዛዝ ለዛሬው አፓርትመንት የተነገረ ይመስላል።

ወላጆቻችን ይህን አደጋ ያውቁታል። በአገር ቤት በክረምት ሌሊት የከሰል ምድጃ ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ ያልሰማ የለም። ገዳዩ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። እዚህም አንዳንዱ ቢሉን ፈርቶ የጋዝ ኦቨኑን ከፍቶ ቤት ያሞቃል፤ ሌላው መብራት ሲጠፋ የባርቤኪው ከሰል ሳሎን ያስገባል። ሁለቱም ያው ገዳይ ነው። ለቡና የተያያዘው ከሰልም ከተጠጣ በኋላ ክፍሉ ውስጥ አይደር። በካሊፎርኒያ ጋዝ የሚነድባቸው መኖሪያ ቤቶች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳል፤ ለነጠላ ቤቶች ከ2011፣ ለአፓርትመንቶች ከ2013 ጀምሮ። ዛሬ ማታ ቁልፉን ተጭናችሁ ድምፅ ማሰማቱን አረጋግጡ። ትንሿን ሂተርም ከመጋረጃና ከፍራሽ አንድ ሜትር ያህል አርቋት፤ በማራዘሚያ ገመድ አትሰኳት፤ ስትተኙ አጥፏት።

የቤታችሁ ማሞቂያ ከተበላሸስ? በካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1941.1 መሠረት የሚሠራ ማሞቂያ ማቅረብ የአከራዩ ግዴታ ነው። ብዙ ወላጆች ግን «ያስወጡናል» ብለው ፈርተው ክረምቱን በብርድ ያሳልፋሉ። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ። ቀን ጻፉበት፣ ፎቶ አያይዙበት፣ ቅጂውን አስቀምጡ። መጉዳትም መጎዳትም እንዳይኖር ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት መርህ ለተከራይም ለአከራይም ነው።

የእናንተ ድርሻ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። እያንዳንዳችን እረኞች መሆናችንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ወላጆቻችሁ ወደዚህ አገር ሲመጡ ማሞቂያ በቁልፍ የሚታዘዝበት ቤት አያውቁም ነበር። ብርድን በጋቢ፣ በቡልኮ፣ በምድጃ ዙሪያ በመሰብሰብ ነበር የሚያሸንፉት። ዛሬ በስልካችሁ የቤቱን ሙቀት የምትቆጣጠሩት፣ ቢሉን አንብባችሁ የምትረዱት፣ ፎርሙን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ያ ዕውቀት አማና ነው። በእሱ ክፍላችሁን ብቻ ልታሞቁበት ትችላላችሁ፤ እናታችሁንም ልታሞቁበት ትችላላችሁ።

ስትነግሩ በአደብ ይሁን። «አባዬ፣ አንተ አታውቅም» ብሎ የሚጀምር ልጅ እውነት ቢይዝም አልተሳካለትም። ቢሉን ይዛችሁ ቡና ላይ ቁጭ በሉ። «አባዬ፣ የአንድ ወር ፈቃድ ስጠኝ፤ እኔ ላዘጋጀው፣ ከዚያ ቢሉን አብረን እናያለን» በሉት። ቁጥሩ ይናገርላችኋል። ምናልባት ወጪው ባይቀንስ እንኳ፣ ያው ገንዘብ አያታችሁን እያሞቀ ከሆነ ትርፍ ነው። አላህን አስቦ ለቤተሰቡ ወጪ ያደረገ ሰው፣ ወጪው ሰደቃ እንደሚሆንለት በቡኻሪ ተዘግቧል። የተቆጠበ ገንዘብ ካለም መንገዱ ብዙ ነው፤ አገር ቤት የሚጠብቅ አለ፣ ጎረቤት ሆኖ ብርድ ላይ ያለ አለ። ይህን ሥራ በራሳችሁ ቤት ስትጨርሱ የማንበብና የመጻፍ ችግር ወዳለባቸው አሮጊት ጎረቤት ቤት ሂዱ።

በዚህ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሦስት ነገር ብቻ አድርጉ። የአያት ወይም የእናት ክፍል ስንት ዲግሪ እንደሆነ ለኩ። የካርቦን ሞኖክሳይዱን ማስጠንቀቂያ ፈትኑ። ቢሉ ላይ የኬር ቅናሽ መኖሩን እዩ። ሦስቱም በአንድ ሰዓት ያልቃሉ።

አላህ ቤቶቻችንን የእርጋታ ቤት ያድርግልን። ለወላጆቻችን ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን፤ በእርጅናቸው የምንጦር እንጂ የምንረሳቸው አያድርገን። ከማባከንም ከስስትም ይጠብቀን። ዛሬ ማታ መጠለያ አጥተው በኦክላንድና በሳን ሆዜ ጎዳናዎች፣ በአገራችንም በመጠለያ ሸራ ሥር ለሚያድሩት ሁሉ ሙቀትን ይለግስልን፤ እኛንም ለእነሱ ሰበብ ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።